የልብ ምት መረጃ ከጋርሚን ሰዓት ወደ ኮምፒውተር፦ ያለ ኢንተርኔት፣ በገመድ ብቻ

ሱሉልታ_ጠዋት
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ሯጮች፣ ስድስት ጋርሚን ሰዓት፤ አራቱ ፎርራነር ሁለቱ ፊኒክስ። ሁሉም ደረት ላይ የሚታሰረውን የልብ ምት ቀበቶ ያደርጋሉ። የምፈልገው የእያንዳንዱን ልምምድ የልብ ምት በየሰከንዱ ኤክሴል ላይ ማየት ነው፤ ከተቻለ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ጊዜም ጭምር። በስልክ አፕ በኩል ማለፉን አልፈልገውም፤ ኔትወርኩ አይታመንም፣ ስድስት አካውንት ማገላበጥም አድካሚ ነው።

አራቱ ሰዓቶች ዊንዶውስ ላይ ይከፈታሉ፤ ሁለቱ ግን ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ምንም የለም። ከተከፈቱት የቀዳኋቸው ፋይሎች ደግሞ በኖትፓድ ሲታዩ የማይነበብ ምልክት ብቻ ናቸው። ተበላሽተው ይሆን?

ባለገመድ
ወንድሜ፣ ፋይሎቹ ደህና ናቸው። ዓይነታቸው ፊት ይባላል (የሰው ፊት አይደለም)፤ የተጻፈው ለማሽን እንጂ ለዓይን አይደለም። በኖትፓድ ስትከፍተው መጀመሪያው መስመር ላይ ነጥብና «ፊት» የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከታዩህ ቢያንስ አናቱ ጤነኛ ነው።

ወደማይከፈቱት ሁለቱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚሠራውን ሰዓት ገመድ አውልቀህ በማይሠራው ላይ ሞክር። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፦ ገበያ ላይ ያሉ ርካሽ ገመዶች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሽቦ ብቻ ኖሯቸው የዳታው ይጎድላቸዋል። ገመዱ ደህና ከሆነ የሰዓቱን ጀርባ እይ። የላብ ጨው የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል፤ ያኔ ቻርጅ ያደርጋል፣ ዳታ ግን አያልፍም። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በጥቂት አልኮል አርጥበህ ጥረገው፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ሰካው። በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ።

ይህም ካልሆነ በሰዓቱ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም ሥር «ዩኤስቢ ሞድ» የሚል ካለ ተመልከት። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ «ጋርሚን» እና «ኤምቲፒ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ እንደ ስልክ ማህደር እንዲከፈትልህ ኤምቲፒ ላይ አድርገው። ማክ የሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ ማክ ኤምቲፒን በራሱ አይከፍትም፤ ኦፕንኤምቲፒ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፣ ጋርሚን ኤክስፕረስ (የጋርሚን የራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ክፍት ከሆነም መጀመሪያ ይዘጋ፤ ሁለቱ አንድ ሰዓት ላይ አይስማሙም።

ልምምዶቹ ያሉት «ጋርሚን» በሚለው ማህደር ውስጥ «አክቲቪቲ» የሚለው ጋ ነው። «ሞኒተር» የሚለው የቀኑን ሙሉ መረጃ ይይዛል፤ ለአሁኑ እሱን ተወው። ሁልጊዜ ኮፒ እንጂ ከት አታድርግ። ኮፒው መከፈቱን ሳታይ ከሰዓቱ ላይ ምንም አትሰርዝ።

ፋይል_ፈቺ
ባለገመድ ያለው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ ነው።

ጋርሚን ለፕሮግራመሮች በነፃ የሚሰጠው የፊት ኤስዲኬ (የመሣሪያዎች ጥቅል) አለ፤ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርደው፣ ከዚያ ወዲያ ኔት አያስፈልግም። ውስጡ ፊት-ሲኤስቪ-ቱል የሚባል መሣሪያ አለ፤ የሚሠራው በጃቫ ስለሆነ ጃቫም ይጫን። ከመሣሪያው ጋር ጥቂት የዊንዶውስ ባች ፋይሎች (ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ ትንንሽ ፋይሎች) አብረው ይመጣሉ። ስሙ «ሬኮርድ» ብሎ የሚያልቀው ላይ የፊት ፋይሉን በማውስ ጎትተህ ጣለው፤ እዚያው አጠገቡ የሲኤስቪ ፋይል (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ይወልዳል። ያንን ኤክሴል ይከፍተዋል፦ ጊዜ፣ የልብ ምት፣ ርቀት፣ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ እያንዳንዱ በየአምዱ።

የቦታ አምዶቹን አይተህ እንዳትደነግጥ። ኬክሮስና ኬንትሮስ በዲግሪ ሳይሆን ሴሚሰርክል በሚባል መለኪያ ነው የተጻፉት። በ180 አባዝተህ ለ2147483648 ብታካፍለው ዲግሪ ይሆናል። ለምሳሌ 109521666 ማለት 9.18 ዲግሪ ነው።

ሱሉልታ_ጠዋት
እህታችሁ ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም 😄 አመሰግናለሁ። አንዱ ሰዓት በገመድ ቅያሬ ተከፈተ፣ ሌላው በጽዳት። ሲኤስቪውም ወጥቷል። አሁን የቀረኝ፦
የጊዜው አምድ 1099969800 ዓይነት ቁጥር ነው።
የአንዱ ሯጭ ረድፎች በየሰከንዱ አይደሉም፤ 4 ሰከንድ፣ 7 ሰከንድ ይዘላሉ። እኔ በኤክሴል የማወጣው አማካይ የልብ ምትም ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር አልገጥም አለ።
በምቶች መካከል ያለው ጊዜ የትም የለም።

ሰከንድ_ቆጣሪ
የጊዜውን ለኔ ተይው። ፊት ጊዜን የሚቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ከዲሴምበር 31 ቀን 1989 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በሰከንድ ነው፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት። ኢንተርኔት ላይ ያሉት መቀየሪያዎች የሚነሱት ከ1970 ስለሆነ 631065600 ካልደመርሽበት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዱሻል።

ኤክሴል ላይ መቀየሪያም አያስፈልግሽም። ቁጥሩን ለ86400 አካፍይ፣ 32873 ደምሪ፣ ለኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት 0.125 ጨምሪበት፣ ከዚያ ሴሉን የቀንና ሰዓት ፎርማት አድርጊው። ያንቺው ቁጥር ኖቬምበር 8 ቀን 2024፣ 6፡10 ይሰጥሻል፤ በኛ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ከጠዋቱ 12፡10 ማለት ነው።

0.125ን ከመደመር ይልቅ ብትቀንሺው በቀጥታ በኛ አቆጣጠር ይወጣል፤ 6፡10 የነበረው 0፡10 ሆኖ ይታያል፣ 0 ማለት 12 ነው። ግን አልመክርም። ከንጋት በፊት የወጣ ሯጭ ካለ ቀኑ በአንድ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሠንጠረዡ ይዘበራረቃል። የኛን ሰዓትና ቀን ለአሰልጣኙ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ብቻ ጻፊ።

ባለገመድ
ይቅርታ እህቴ!

የሚዘልለው ሰዓት «ስማርት» አመዘጋገብ ላይ ነው ያለው፤ ለውጥ ሲኖር ብቻ ይጽፋል። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዳታ ሬኮርዲንግ ገብተሽ «በየሰከንዱ» የሚለውን ምረጪ። ያለፈውን አያስተካክልም፣ የሚመጣውን ብቻ። አማካዩ ያልገጠመውም በዚሁ ነው፦ ኤክሴል ለ7 ሰከንድ የቆየውንም ለ1 ሰከንድ የቆየውንም ረድፍ እኩል ይቆጥራል። ለድሮዎቹ ፋይሎች እያንዳንዱን የልብ ምት እስከ ቀጣዩ ረድፍ ባለው ሰከንድ አባዢ፣ ድምሩን ለጠቅላላው ሰከንድ አካፍይ።

ፋይል_ፈቺ
በምት መካከል ያለው ጊዜ ያልታየሽ በኔ ጥፋት ነው። ፊት ፋይል ውስጥ መረጃው «መልእክት» በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው የሚጻፈው፤ «ሬኮርድ» የሚለው ባች ፋይል ሌላውን መልእክት ሁሉ ይጥላል፤ በምት መካከል ያለው ጊዜ ያለው ደግሞ «ኤችአርቪ» (የልብ ምት መለዋወጥ) በሚባል ሌላ መልእክት ውስጥ ነው። ሙሉውን የሚቀይረውን ባች ፋይል ተጠቀሚ። ከዚያ በፊት ግን ሰዓቱ ላይ ኤችአርቪ የመመዝገቢያው ምርጫ መከፈት አለበት፤ የሚገኘው እዚያው ዳታ ሬኮርዲንግ አካባቢ ሲሆን ሁሉም ሞዴል ላይ የለም። ተዘግቶ ከነበረ ያለፈው ልምምድ ውስጥ ፈልገሽ አታገኚውም፣ አልተጻፈም።

አንድ መልእክት እስከ አምስት ቁጥር ይይዛል፣ በሰከንድ። 0.400 ማለት በደቂቃ 150 ምት ነው። 65.535 ካየሽ ባዶ ቦታ ነው፣ ሰርዢው። መልእክቱ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እየደመርሽ ነው ጊዜውን የምታገኚው፣ ስለዚህ ቀበቶው ለጥቂት ሰከንድ ከጠፋ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። አጠገቡ ካሉት ቁጥሮች ከ20 በመቶ በላይ የሚለይ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ወይም ትርፍ ምት ነው። ይህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከበዛ ቀበቶው ደረቅ ሆኖ ታስሯል ማለት ነው፤ ሯጩ ከመነሳቱ በፊት ኤሌክትሮዱን (ቆዳ የሚነካውን የቀበቶውን ክፍል) በውኃ ያርጥበው።

ሰከንድ_ቆጣሪ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ስድስቱ አብረው ስለሚሮጡ። የፋይሉ ስም የሚወጣው ከተጀመረበት ሰዓት ነው። ሁለት ሯጮች በአንድ ሰከንድ ስታርት ከተጫኑ ስማቸው አንድ ይሆናል፤ አንድ ማህደር ውስጥ ስትቀጂ «ይተካ?» ሲልሽ እሺ ካልሽ የአንዱ ልምምድ ሄደ። ለየሰዓቱ የየራሱ ማህደር ይኑረው። የተቀላቀለ ካለሽ ሙሉው ሲኤስቪ አናት ላይ «ፋይል አይዲ» የሚለው ረድፍ የሰዓቱን ሲሪያል ቁጥር ይዟል።

ሱሉልታ_ጠዋት
ትናንት የቀዳሁት ማህደር ውስጥ አምስት ፋይል ብቻ ያለው ለዚህ ነው ለካ! ከሰዓቱ ላይ አልሰረዝኩም፣ እንደገና እቀዳዋለሁ።