ከአውሮፕላን ወደ ምድር፦ ስለ ዓይን ምልክቶች ታሪክ ለምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚያድጉ ልጆቻችን በአማርኛ ልናዘጋጀው ላሰብነው ዐውደ ርእይ የሚቀርበው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው ቀርቧል። ጉዳዩ ሬዲዮ በአውሮፕላን ላይ ከመለመዱ በፊት ሰማይ ላይ ያለ ሰው ምድር ላይ ላለው መልእክቱን በዓይን በሚታይ ምልክት እንዴት ያደርስ እንደነበረ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ክፍሎቹን ያዋቀርኳቸው በፈጠራ ባለቤቶቹ ቅደም ተከተል ነው።

መነሻዬ ማርታ ኮስተን ናት። ይህች አሜሪካዊት ባሏ በ1848 ሲሞት ጅምር ማስታወሻዎቹን ይዛ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ከኬሚስቶች ጋር ደክማ፣ መርከቦች በሌሊት የሚነጋገሩበትን ባለቀለም የእሳት ምልክት ለፍሬ አበቃች። የ1859ኙ የፈጠራ መብት የተሰጣት ግን የሟቹን ንብረት የምታስተዳድር ሚስት በመሆኗ እንጂ እንደ ፈጠራው ባለቤት አልነበረም፤ በራሷ ስም የተመዘገበላት በ1871 ነው። ከእርሷ ቀጥሎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ኤድዋርድ ቬሪ በ1877 ያወጣው ባለቀለም እሳት ወደ ሰማይ የሚተኩስ የምልክት ሽጉጥ፣ በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ኤሪክ ስቱዋርት ብሩስ ብርሃን በሚያሳልፍ ጨርቅ በተሠራ ባሉን ውስጥ የኤሌክትሪክ አምፖሎች አስገብቶ ከመሬት በሽቦ እያበራና እያጠፋ በአጭርና በረጅም ብልጭታ በሚገለጸው የሞርስ ፊደል ያናገረበት ዘዴ፣ በመጨረሻም ጨረር እየላከ መልእክት የሚያስተላልፈው የአልዲስ መብራት ይከተላሉ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ የነበሩት አንጋፋ አባል፦

ጸሐፊያችን ስለደከምሽበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማርታ ኮስተን ታሪክ በምንም ምክንያት እንዳይወጣ እለምናለሁ። ሆኖም አወቃቀሩ ላይ ከባድ ቅሬታ አለኝ። በፈጠራ ባለቤቶች ስም ብቻ ከሄድን ልጆቹ የሚያዩት የመሣሪያ ሰልፍ ይሆናል። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ሥራ ላይ እንዳሳለፈ ሰው የምመሰክረው፣ ምልክት የሰጠ ሰው ጭንቀቱ ምልክቱ በመብራቱ አያበቃም፤ «ታይቶልኛል ወይ? ተረድተውኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ በጥሪና በምላሽ እንዲዋቀር ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በመስከረም 1914 በፈረንሳይ በኤን ወንዝ ውጊያ የእንግሊዝ አየር ጓድ መኮንኖች ሉዊስና ጄምስ የመድፍ ተኩስን ከአየር ሆነው በገመድ አልባ ቴሌግራፍ ማረም ጀመሩ። ዒላማው በሰዓት ገጽ መካከል እንዳለ ተቆጥሮ አቅጣጫው በሰዓት ቁጥር፣ ርቀቱ በፊደል የሚገለጽበት ስልት ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፕላኑ መሣሪያ መላክ እንጂ መቀበል አይችልም ነበር። የመድፍ ቡድኑ «ሰምተናል» ወይም «ቆይ» ለማለት ነጭ ጨርቅ በሣር ላይ በፊደል ቅርጽ ያነጥፍ ነበር፤ ታዛቢውም ከላይ ሆኖ ያነብበዋል። ሬዲዮ ከመጣ በኋላ እንኳ ግማሹ ንግግር በዓይን መቅረቱን ልጆቹ ቢያውቁ እንዴት ደስ ይለኛል!

የታሪክ መምህርቷ አባል፦

የጋሼን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ በዚያው ጦርነት በፈረንሳይ የተደረገው የሶም ውጊያም የዐውደ ርእዩ እምብርት እንዲሆን እጠይቃለሁ። በሐምሌ 1916 እግረኛው ጦር ወደፊት ሲገፋ የስልክ ሽቦው በመድፍ ይበጣጠስ፣ መልእክተኛው በመንገድ ይወድቅ ስለነበር፣ አዛዦቹ የራሳቸው ወታደሮች የት እንደደረሱ ማወቅ ይሳናቸው ነበር። በዚህም ምክንያት ዝቅ ብለው የሚበርሩ አውሮፕላኖች ተመደቡ። አውሮፕላኑ በጥሩምባ ድምፅ ወይም በምልክት ሽጉጥ ይጠይቃል፤ ከታች ያሉት ወታደሮች ቀይ እሳት ለኩሰው «እዚህ ነን» ማለት ይጠበቅባቸዋል። አንዳንድ ክፍሎች ከላይ እንዲያብለጨልጭላቸው በጀርባቸው ላይ ሦስት ማዕዘን የቆርቆሮ ቁራጭ አንጠልጥለው ነበር።

ብዙዎቹ ግን እሳቱን አልለኮሱም። ምክንያቱም ለወዳጅ አውሮፕላን የሚታየው እሳት ለጠላት መድፈኛም ይታያል። በልጆቻችን ፊት ልናስቀምጠው የሚገባን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ዘዴው በወረቀት ላይ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፣ ነገር ግን ምላሹ ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ቀርቷል። እነዚያን ወታደሮች ፈሪዎች ወይም ትእዛዝ የጣሱ አድርጎ የሚያሳይ ቃል በጽሑፋችን እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

የወጣቶች ክፍል አስተባባሪ፦

በተግባር ማሳያው ላይ ጥቂት ልጨምር። በእሳት የሚሠራ ማንኛውም ምልክት በፎቶግራፍ ብቻ ይቅረብ፤ በአዳራሽ ውስጥ ቀርቶ በግቢውም ቢሆን አንተኩስም። በእጅ የሚሞከረው የአልዲስ መብራት አሠራር ይሁን። የዚህ መብራት ብልሃት አምፖሉን ሳያጠፉ እንደ ሽጉጥ ያለ ምላጭ እየሳቡ መስተዋቱን በማዘንበል ጨረሩን ወደ ተቀባዩ መላክና መመለስ ነው፤ የአምፖሉ ክር ለመጋልም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በማብራትና በማጥፋት ብቻ የሞርስን አጭርና ረጅም በፍጥነት መለየት ያስቸግራልና። ልጆቹ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስተዋት ይህንኑ ራሳቸው መሥራት ይችላሉ። ነጩን ጨርቅ ደግሞ በአዳራሹ ወለል ላይ አንጥፈን ከሰገነቱ ላይ ሆነው ያንብቡት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የቀረበውን ማሻሻያ በደስታ ተቀብያለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። አሜሪካዊው የባሉን አብራሪ ታዴየስ ሎው በሰኔ 1861 በዚሁ በዋሽንግተን በባሉን ወጥቶ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ቴሌግራም ልኳል። ለምንኖርበት ከተማ ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ታሪክ መተው ተገቢ ይሆናልን?

አንጋፋው አባል፦

ታሪኩ የሚያኮራ ቢሆንም መልእክቱ ያለፈው በሽቦ ስለሆነ የዓይን ምልክት አይደለም። በመግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ፤ ለእርሱ የታሰበው ቦታ ለአርቺ ሊግ ቢሰጥ እመርጣለሁ። አርቺ ሊግ በ1929 በሴንት ሉዊስ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳው ላይ ቆሞ በቀይ ባንዲራ «ቁም»፣ ዳማ መሰል በሆነው ባንዲራ «ሂድ» እያለ አብራሪዎችን ያስተናግድ ነበር። ከባንዲራው በኋላ የመጣው የብርሃን ምልክት ደግሞ ዛሬም በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ ውስጥ አለ። ሬዲዮው የተበላሸበት አብራሪ ከአውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ የማይቋረጥ አረንጓዴ ካየ እንዲያርፍ ተፈቅዶለታል፤ የማይቋረጥ ቀይ ካየ ለሌላ አውሮፕላን ቅድሚያ ሰጥቶ መዞሩን ይቀጥላል። ምልክቱን ማየቱን የሚያሳውቀው በቀን ክንፉን በማወዛወዝ፣ በሌሊት የማረፊያ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ በማድረግ ነው። ይህ ደንብ ለኢትዮጵያም የራሷ ነው፤ የደንቡ መሠረት የሆነው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ1944 በቺካጎ በተመከረበት ጉባኤ ላይ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች።

ሰብሳቢው፦

ከውይይቱ እንደተረዳሁት በዋናው ነጥብ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ስለዚህ የፕሮፖዛሉ የዓላማ አንቀጽ እንደሚከተለው ይስተካከል፦ «ይህ ዐውደ ርእይ በአየርና በምድር መካከል በዓይን ይደረግ የነበረውን ጥሪና ምላሽ፣ ከባሕር ከተወረሰው የእሳት ምልክት ጀምሮ ከማማ እስከሚላከው አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ድረስ፣ ልጆች በእጃቸው እየሞከሩ እንዲረዱት ያደርጋል።» የሶምን ክፍል መምህርታችን፣ የማማውን ምልክቶች አንጋፋው አባላችን ይጽፋሉ፤ ጸሐፊያችን ሁለቱን አንድ ላይ ታዋህዳለች። የጨርቁ መጠን በግምት እንዳይወሰን፣ አስተባባሪው አስቀድሞ ሁለት ዓይነት ስፋት ያለው ጨርቅ አንጥፎ ከሰገነቱ ላይ ይነበብ እንደሆነ ሞክሮ ያሳውቀን።