ክርክር፦ ፋይብሮማያልጂያ የሴል ኃይል ማነስ ነው ወይስ የነርቭ መዛባት?

አወያይ፦ ባለፈው ተጀምሮ ሳይቋጭ የቀረ ጉዳይ ነው። ፋይብሮማያልጂያ መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምምና የሚያደክም በሽታ ነው። «ፋይብሮማያልጂያ ከሴል ኃይል ማነስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ኃይል የሚመልሱ ማሟያዎች መሆን አለባቸው» ተብሏል። ትደግፋላችሁ ትቃወማላችሁ? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ፤ መሰዳደብ የለም።

ሜሮን፦ እደግፋለሁ፤ ሕመሙም አለብኝ። ፀጉሬን ሳበጥር ክንዴ መሃል ላይ ይዝላል፤ አውርጄ አሳርፌው ነው የምጨርሰው። የደም ውጤቴ ግን ሁልጊዜ «ምንም የለብሽም» ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የስዊድን ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች የትከሻ ጡንቻ ናሙና ወስደው ሲለኩ ጡንቻ የሚሠራበት ኤቲፒና መጠባበቂያው ፎስፎክሬቲን ከጤነኞች ያነሰ ሆኖ አገኙት። በ1998 አሜሪካ ውስጥ፣ በ2013 ደግሞ እንደገና ስዊድን ውስጥ፣ ናሙና ሳይወሰድ የጭን ጡንቻ በመግነጢስ መሣሪያ ተለክቶ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ዮናስ፦ የ1994ቱን ለምን ዘለልሽው? እሱም አሜሪካ ውስጥ በዚያው ዓይነት መሣሪያ የተሠራ ነው። ሕመምተኞቹን ያወዳደሯቸው ግን እንቅስቃሴ ከማያዘወትሩ ጤነኞች ጋር ነበር፤ በጡንቻ ኃይል ልዩነት አልተገኘም። የሚያመው ሰው ይቀመጣል፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ማይቶኮንድሪያው፣ ማለትም ኃይል የሚያመርተው የሴል ክፍል፣ ይቀንሳል። ስለዚህ የኃይሉ ማነስ ሕመሙ ያመጣው እንጂ ሕመሙን ያመጣ ላይሆን ይችላል።

ሳምሪ፦ እና «ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ይለቅሻል» ልትለን ነው? ጠገብነው እኮ።

ዮናስ፦ እንደዚያ አልወጣኝም። በ2002 የሕመምተኞችና የጤነኞች አውራ ጣት ጥፍር እየተጫነ አንጎላቸው በስካን ታይቷል። ለጤነኛው ቀላል የሆነ ጫና በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ የሕመም ቦታዎችን ቀስቅሷል። በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥም ሕመም አስተላላፊው ሰብስታንስ ፒ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከ2007 እስከ 2009 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ የተፈቀዱት ፕሪጋባሊን፣ ዱሎክሴቲንና ሚልናሲፕራን ሦስቱም የሚሠሩት ነርቭ ላይ ነው። ሕመሙ እውነት ነው፤ የምንከራከረው ስለ መነሻው ነው።

በረከት፦ እኔ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ «ወይ ነርቭ ወይ ኃይል» የሚለው አከፋፈል አይዋጥልኝም። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ኤቲፒ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ቶሎ የሚተካው ፎስፎክሬቲን ነው። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ኤቲፒ ይፈልጋል፣ ካልሲየሙን ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕ በእሱ ስለሚሠራ። አንጎልስ ቢሆን? ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ 20 በመቶ ያህሉን ኃይል ይበላል። ማይቶኮንድሪያ ከተጎዳ ነርቭም ዝም ብሎ አያልፍም።

ዮናስ፣ ያንተ መከራከሪያ ጡንቻ ላይ ጠንካራ ነው። ግን የስፔን ተመራማሪዎች ሴል ኃይል ሲያመርት የሚጠቀምበትን የኮኪውቴን ማነስና የኦክሲዴሽን ጉዳት (የኦክስጅን ውህዶች ሴል ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት) ያገኙት በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚህን በመቀመጥ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

ሜሮን፦ ተባረክ! ኮኪውቴን ሰጥተውም አይተዋል፤ በ2013 በቀን 300 ሚሊግራም ለ40 ቀን፣ ሕመምና ድካም ቀንሷል።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ የተሳታፊውን ብዛትም ንገሪያቸው እንጂ። 20 ሰው ነው። ዕድሜዬን በፋርማሲ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ በ20 ሰው የተጀመረ ተስፋ ብዙ ሰው ላይ ሲሞከር ሲቀር አይቻለሁ፣ ሲጸናም አይቻለሁ። ማሟያ እንደ መድኃኒት ተፈትኖ ገበያ አይገባም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ኮኪውቴን መጀመር የለበትም፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ሊቀንስበት ይችላል። «ኃይል ይመልሳል» የሚል ጽሑፍ ዕቃው ላይ ስላለ ብቻ ሕክምና አይባልም።

ሄለን፦ የ2021ዱን ማንም አላነሳም። ከሕመምተኞች ደም የተወሰዱ ፀረ እንግዳ አካላት (የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች) ለአይጦች ሲሰጡ አይጦቹ ለጫናና ለቅዝቃዜ ስሱ ሆነዋል። ኃይልም አንጎልም ሳይሆን የመከላከያ ሥርዓቱ ቢሆንስ?

በረከት፦ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም አላቸው ብዬም አላምንም። የማሟያውን ጉዳይ ግን እንዲህ ነው የማየው፦ መጀመሪያ የሴሉ ኃይል ይለካ፣ ያነሰባቸው ብቻ ተለይተው ይሞከርባቸው። ሁሉንም ደባልቆ መስጠት የሚጠቅመውንም ሰው ይሸፍነዋል።

ዮናስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ማወዳደሪያዎቹ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ ሰዎች እስከሆኑ ድረስ። እስከዚያው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ባለሙያዎች ጠበቅ አድርገው የመከሩት አንድ ነገር የአካል እንቅስቃሴ ነው።

ሜሮን፦ እሺ፣ እንቅስቃሴውም እንደ መድኃኒት ይታዘዝልኝ። ከስንት ደቂቃ ልጀምር? በሳምንት ስንት ቀን? በማግስቱ አልጋ ላይ ከጣለኝ ምን ያህል ልቀንስ? ይህን ጽፎ የሰጠኝ ሐኪም እስካሁን አላገኘሁም። የኮኪውቴን ዕቃ ላይ ግን ስንት ክኒን እንደምውጥ ተጽፏል።