ከፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ግትር እድፍን ጄልኮቱን ሳይጎዱ ማስለቀቅ

የዘጌ መስመር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት የደሴት ገዳማት ሰው የማመላልስባት ነጭ የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ክረምቱ አልፎ ከውሃ ሳወጣት፣ ውሃው ጎኗን በሚነካበት መስመር ላይ ዙሪያዋን የከበበ፣ ከላይ ቢጫ ከታች ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለበት አየሁባት። የመደገፊያው ብረት ከታሰረባቸው ቡሎኖች ሥርም የዝገት መስመር ወደ ታች ወርዷል። ሞተሩ በተሰቀለበት በኩልና መቆሚያው ላይ የታሰሩት የመኪና ጎማዎች በሚነኳት ጎን ደግሞ ጥቁር እድፍ አለ። በላርጎም በኦሞም ደጋግመን አጥበናታል፤ በረኪናም ሞክረናል። አረንጓዴው የውሃ ሽበት ለቀቀ እንጂ ቡናማው ቀለበትና ዝገቱ ንቅንቅ አላሉም።

አንድ የማውቀው ሰው የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አፍስሼ በሽቦ ብሩሽ እንድፈገፍጋት መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ካልተላጠች አትጸዳም ይላል። ጀልባዋ የቤተሰብ መተዳደሪያ ስለሆነች ሁለቱም ምክሮች አሳስበውኛል። የሚያውቅ ሰው ምን ቢደረግ እንደሚሻል፣ ደግሞም ለምን እንደሆነ ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የጀልባ ጥገና

አሲዱንም የሽቦ ብሩሹንም ይተዉ። የጀልባዎን ንጣትና አንጸባራቂነት የሰጣት ከላይ ያለው ጄልኮት የሚባለው የፖሊስተር ሬዚን ሽፋን ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው በሬዚን የተያያዘ የመስታወት ክር ሲሆን፣ ጄልኮቱ ካለቀ ውሃ ወደ እሱ መግባት ይጀምራል። በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ ጄልኮቱ ይጫራል፤ ይህም ብቻ አይደለም፣ ከብሩሹ የሚሰባበረው ደቃቅ ብረት ጭረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና በሚቀጥለው ዝናብ ራሱ ይዝጋል። ብዙ ሰው ጀልባውን ፈግፍጎ ካጸዳ በኋላ በየቦታው የሚያያቸው ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች ምንጫቸው ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት ያለዎት አንድ እድፍ ሳይሆን የተለያዩ እድፎች መሆናቸውን ይወቁ፤ የሚለቁበት ነገርም ለየቅል ነው። ጥቁሩን ያስቀድሙ፣ ምክንያቱም በቅባት የተሸፈነን ቦታ ቀጥሎ የሚመጣው የዝገት ማስለቀቂያ ዘልቆ ሊነካው አይችልም። ከሞተሩ በኩል ያለው ያልተቃጠለ ዘይትና ጥላሸት ስለሆነ፣ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክረው ይጥረጉትና ወዲያው በሞቀ ውሃና በላርጎ ጋዙን ራሱን ያጥቡ። የጎማው እድፍ ግን አስቸጋሪ ነው። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ ሲሠራ የሚጨመሩበት ኬሚካሎች ቀስ በቀስ ወደ ነካው ነገር ይሰርጋሉ፤ ስለዚህ እድፉ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ወደ ጄልኮቱ የገባ ሊሆን ይችላል። አሴቶን በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርገው፣ ሳያቆዩ ጠረግ አድርገው ይዩት። ጨርቁ ሲጠቁር በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ያነሱትን መልሰው ይቀቡታል። አሴቶን እሳት የሚስብ ስለሆነ ሲጋራም ጀነሬተርም አጠገቡ አይኑር። በዚህ ያልለቀቀው መኪና ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ደቃቅ ኮምፓውንድ (ማለስለሻ ቅባት) ይቀንሳል። ጎማዎቹን በሸራ ካልሸፈኗቸው ግን እድፉ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ቀላል ፍተሻ ልጨምር። ጀልባዋ ደርቃ ሳለች ጥቁር ጨርቅ በጎኗ ላይ ጫን አድርገው ይሳቡበት። ጨርቁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ጄልኮቱ በፀሐይ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቀዳዳው ስለሚከፈት ቆሻሻን ይመጥጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ አልትራ ቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጄልኮት ቶሎ መበላቱ የሚጠበቅ ነው።

ቤተ ሙከራ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ በቡናማው ቀለበትና በዝገቱ ላይ ላተኩር። በረኪናው ለምን እንዳልሠራ መረዳት ይጠቅማል። በረኪና አልጌንና ሻጋታን የሚያጠፋው ኦክሲጅን በመስጠት ነው። ዝገት ግን ቀድሞውንም ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደ ብረት በመሆኑ በረኪና ምንም አያደርገውም፤ እንዲያውም በውሃው ውስጥ ያለውን ብረት ይበልጥ ሊያዝገው ይችላል። የጣና ውሃ በክረምት ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ብዙ ደለል ይዞ ስለሚገባ፣ ቀለበቱን የሠራው የአፈሩ ብረትና የበሰበሰ ተክል የሚለቀው ቀለም ተቀላቅሎ ነው።

ለሁለቱም የሚስማማው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ብረቱን አጥብቆ ይይዝና በውሃ ወደሚሟሟ ውህድ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ እድፉ ሳይፈገፈግ ታጥቦ ይሄዳል። ነጭ ጥራጥሬ ሆኖ በኬሚካል መሸጫ ሱቆች ይገኛል፣ እብነ በረድ የሚያለሰልሱ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም በቂ ነው። ውሃውን በፕላስቲክ ባልዲ ያስቀድሙ፣ ዱቄቱን ከዚያ ይጨምሩ፤ የብረት ዕቃ አይጠቀሙ። የጀልባ ጎን ቀጥ ያለ ስለሆነ ፈሳሹ ወዲያው ወርዶ ያልቃል፤ ስለዚህ ሶፍት ወይም ጥጥ ነክረው ቀለበቱ ላይ ይለጥፉትና እንዳይደርቅ በላስቲክ ይሸፍኑት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው አንሥተው በብዙ ውሃ ያጥቡ፤ ካልጨረሰ ይድገሙት እንጂ መጠኑን አያጠንክሩ። ጥላ ሥር ወይም ማለዳ ይሥሩ፤ በፀሐይ የጋለ ጎን ላይ ደርቆ ከቀረ ነጭ ጥራጥሬ ይተዋል።

አሁን የምለውን ግን በጥሞና ያንብቡልኝ። በረኪና የነካውን ቦታ ደጋግመው በውሃ ሳያጥቡ አሲድ አያስነኩት፤ አሲድና በረኪና ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ይህም ሳንባን ይጎዳል። የሽንት ቤት ማጽጃ የተባለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ይህንኑ ያደርጋል፤ በተጨማሪም ቡሎኖችዎንና የሞተሩን አሉሚኒየም ይበላል። ኦክሳሊክ አሲድ ራሱም መርዝ ነው፤ ከተዋጠ ኩላሊትን ይጎዳል። የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ዱቄቱን ሲመዝኑ የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ ስሙን ጽፈው ያስቀምጡት። በምግብ ወይም በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይገልብጡት።

ኦክሳሊኩ ካልተገኘ ሲትሪክ አሲድ አለ፤ የሎሚ ጭማቂም ውስጡ 5 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ ስላለው ቀለል ያለ ዝገትን ያስለቅቃል። ለዙሪያው ቀለበት ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐይቅ በበዛበት አገር ጀልባ በሚጠገንበት ቦታ እሠራለሁ፤ በመኸር ወቅት ጀልባዎች ከውሃ ሲወጡ የምናየው ቀለበት ጠያቂው የገለጹት ዓይነት ነው። እኛም የምንጠቀመው ያንኑ ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ኤፍ ኤስ አር የሚባለው ቅባት መሰል ማስለቀቂያም ሆነ ስታር ብራይት የሚሸጠው የጀልባ ጎን ማጽጃ ዋና ይዘታቸው እሱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የተባለውን የወጥ ቤት ማጽጃም ማስመጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ዱቄቱ የሚፈትግ ማዕድን ስላለበት ጄልኮቱን ያደበዝዛል።

በብርጭቆ ወረቀት ጉዳይ ላይ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጨርሶ የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ የሚመጣ የመጨረሻ እርምጃ ነው። ያኔም ቢሆን ከ1000 ቁጥር በታች ሳይወርዱ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ወረቀቱን ለስላሳ ጎማ ላይ ጠቅልለው በቀስታ ማሸት፣ ከዚያ ወደ 1500ና ወደ 2000 አልፈው በኮምፓውንድ መጨረስ ነው። በማዕዘኖቹና በጠርዞቹ ላይ ጄልኮቱ ስስ ስለሆነ እዚያ አይሞክሩት። ነጩ ቀለም እየሳሳ ከሥሩ ጠቆር ያለ ነገር ብቅ ካለ ወዲያውኑ ያቁሙ።

የቡሎኖቹን ዝገት በተመለከተ፣ እድፉን አጥቦ ቡሎኑን መተው ትርፉ ድካም ነው። ቡሎኖቹን አውጥተው 316 በተባለው የማይዝግ ብረት ይቀይሯቸው፤ ቀዳዳውንም ለጀልባ በሚሆን ማሸጊያ ሞልተው መልሰው ይሰሯቸው። ጎማ መሰሉ ማሸጊያ ካረጀ ውሃ በቡሎኑ ዙሪያ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ የዝገቱ መስመር የዚያ ምልክትም ሊሆን ይችላል።

የዘጌ መስመር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም ጊዜ ወስዳችሁ አስረዳችሁኝ። በምክራችሁ መሠረት ከኋላ በኩል፣ ሰው በማያየው ስፍራ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሞከርኩት። ሶፍቱን ሳነሣው ራሱ ወደ ቢጫ ተለውጦ ነበር፤ ውሃ ስናፈስበት ከሥሩ ያለው ጎን ከአጠገቡ ተለይቶ ነጣ። ጥቁር ጨርቁም ነጭ ዱቄት አሳይቷል። ሁለት ነገሮች ቀሩኝ። አንዱ፣ ከአንድ ቡሎን ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አሉ፣ ቡናማው ከእነሱ ውስጥ አልወጣም። ሌላው፣ አሲዱን የት አጥበን እናፍስሰው? ሐይቁን የምንጠጣውም ዓሣ የምናወጣበትም ነው።

የጀልባ ጥገና

በስንጥቁ ውስጥ የገባውን በማጠብ አያገኙትም። ስንጥቁ የመጣው ቡሎኑ ከልክ በላይ ስለጠበቀ ወይም ሰው መደገፊያውን ሲይዝ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ ነው። ቡሎኑን ሲያወጡ ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ ሳህን ያድርጉለት፤ ስንጥቁን በጠባብ መሣሪያ ከፍተው አድርቀው ለጥገና በሚሸጥ ጄልኮት ይሙሉት። በዚያው ጊዜ ከውሃው መስመር በታች ያለውን በእጅዎ ዳስሱ። ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ጉብ ያለ ነገር ካገኙና ሲበሱት የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ፣ ውሃ ወደ ፋይበሩ ገብቷል ማለት ስለሆነ ጉዳዩ ከእድፍ አልፏል፤ ባለሙያ ይየው።

ሐይቁን በማሰብዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ጣና ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው፤ ሳይመዘገብም ቢሆን አሲድና ነጭ ጋዝ የሚፈስበት ውሃ አይደለም። ጀልባዋን ከዳርቻው አርቀው ያውጧት፣ ከሥሯ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ አንጥፈው እጣቢውን በባልዲ ያጠራቅሙ። የአሲዱ እጣቢ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ቤኪንግ ሶዳ ከጨመሩበት በኋላ ከውሃ ጉድጓድና ከከብት መጠጫ ርቆ ይፍሰስ። በነጭ ጋዝና በአሴቶን የተነከሩ ጨርቆች አየር ላይ ተዘርግተው ይድረቁ እንጂ በአንድ ላይ ተከምረው አይቀመጡ።

ጎኗ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ኮምፓውንዱን አድርገው የካርናውባ ሰም ያለበት የጀልባ ወይም የመኪና ፖሊሽ ይቀቡ። ዱቄት ያሳየ ጄልኮት የመጀመሪያውን ቅባት ስለሚመጥጠው ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል። ሰሙን ከክረምቱ መግቢያ በፊት፣ ውሃው ገና ዝቅ ብሎ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ቢያድሱት የሚመጣው ደለል የሚይዘው ቀዳዳ አያገኝም። የውሃው መስመር ላይ ደግሞ ቀለበቱ ሳይጠነክር በየጊዜው በላርጎና በስፖንጅ ማጠብ ይበቃል።