የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ፦ የድጋፉ ዘመን ስንት ይሁን?

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ ከሰዎች ንግድ ለተረፉ ሕፃናት ያዘጋጀነው ረቂቅ ስድስት ወር በማቆያ፣ ስድስት ወር በክትትል ይላል። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ በ12 ወሩ አልስማማም፤ ከማቆያ ከወጡ በኋላ ሦስት ዓመት ይሁን። ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ ልጅ ነበረን። ማንም አልተቆጣውም፤ ተረኛዋ ሞግዚት ማታ ማታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ «እዚሁ ነኝ» ትለው ነበር። በሰባተኛው ወር አንድ ማታ ጫማውን አውልቆ ከአልጋው ሥር አስቀመጠ። በእኛ ረቂቅ ቢሆን ያን ልጅ ከወር በፊት ሸኝተነው ነበር! ለእንዲህ ያለ ልጅ ትልቁ መድኃኒት የማይለወጥ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ከማቆያ እስከ ቤት ድረስ አንድ ሰው ይሁን፤ ልጁ ታሪኩን ለእያንዳንዱ አዲስ ፊት እንደገና አይናገር።

የሕግ ባለሙያ፦ እኅቴ ያሉት ልክ ነው። እኔን ደግሞ ገጽ 3 ላይ «በፈቃዳቸው የሄዱ» የሚለው ሐረግ አስደንግጦኛል፤ ይውጣ። በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የሰዎችን ንግድ ለመከላከል የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለብዝበዛ ሲመለመል ወይም ሲጓጓዝ ፈቃዱን ከቁጥር አያስገባም፤ ማታለል ወይም ማስገደድ መኖሩም አይጠየቅም። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 39 ደግሞ የተጎዳ ሕፃን በአካልና በሥነ ልቦና እንዲያገግም፣ ከማኅበረሰቡም እንዲቀላቀል መንግሥታትን ያስገድዳል። መግቢያችን በዚህ ይጀምር።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ አመሰግናለሁ። «ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት» የሚለውም ሳይጣራ አይለፍ። ልጁን አሳልፎ የሰጠው አጎት ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ለጉዞ የተበደሩት ዕዳም ገና ደጃፍ ላይ ሊጠብቅ ይችላል። መጀመሪያ ቤቱ ይጠና፣ ልጁም ለብቻው ይጠየቅ። መመለስ ካልቻለ በአደራ ቤተሰብ የሚኖርበት መንገድ ይዘጋጅ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሦስት ዓመት ካልን በጀቱ አይበቃም፤ በግልጽ ልናገር። ግን የአዳራሽና የኅትመት ወጪውን አጥፈን ለሠራተኛ ደመወዝና ለትምህርት ቤት ክፍያ ብናዞረው፣ የልጆቹን ቁጥር ቀንሰን ሦስቱን ዓመት መሸፈን እንችላለን። ጥቂት ልጆችን እስከ መጨረሻው መያዝ ይሻላል እላለሁ።

ሰብሳቢ፦ ተቀብያለሁ። አንቀጽ 4 እንዲህ ይነበባል፦ «ድጋፉ ልጁ ከማቆያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ36 ወራት ይቆያል፤ ጉዳዩን አንድ ሠራተኛ ይከታተላል።» ሠራተኛው ቢለቅ ርክክቡ ልጁ ባለበት እንዲሆን አንድ መስመር ጨምሩልኝ።