የብሳና ቅጠል ሲቀላ በስልክ እንዴት ላንሣው? (ጅማ)

የጅሬን መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የሜፕል ዛፎች ፎቶ ትልክልኛለች። መንገዱ ሁሉ እሳት የተያያዘ ይመስላል። ዘንድሮ እዚያው የተወለደች ልጇ በስልክ «ጅማ ውስጥስ ቅጠል ቀለሙን ይለውጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ለእኔ ግን ምንጊዜም የቡና ለቀማ ወቅት እንጂ የቅጠል ወቅት ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ከጅሬን ቁልቁለቱን ስወርድ፣ በየቀኑ የማልፋትን ብሳና (እኛ ሰፈር በከኒሳ የምንላትን) ቆሜ አየኋት። ዛፏ አረንጓዴ ናት፤ ነገር ግን በየቅርንጫፉ አንድ ሁለት ቅጠል የበሰለ ብርቱካን መስሏል። ከሥሯ የወደቀ አንድ አነሣሁ። መዳፌን ያህላል፤ ቅርጹ እንደ ልብ ነው። ጠርዙ ደማቅ ብርቱካናማ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ከአገዳው አጠገብ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቀርታዋለች። ትል የበሳው ቀዳዳ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከቀናት በኋላ ስከፍተው ጠቁሯል።

በስልኬ ሳነሣው ግን ያ ብርቱካናማ ቀለም አይገኝም። እኩለ ቀን ላይ ሞከርኩ፤ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ አንጸባረቀ። በደመና ሞከርኩ፤ ፈዘዘ። ምን ባደርግ ይሻላል? በጅማ ዙሪያ ቀለም የሚለውጡ ሌሎች ዛፎችስ የትኞቹ ናቸው? ለልጅቷ ራሴ ያነሣሁትን መላክ እፈልጋለሁ።

ጥላና ብርሃን

እኅቴ፣ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ ወርዶ ቅጠሉ ላይ ስለሚያርፍ የምታዪው ነጸብራቁን ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከቅጠሉ ጀርባ እንድትሆን ዞረሽ ቁሚ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ፀሐይ ገና ዝቅ ስላለች ብርሃኗ ቅጠሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቅጠሉም እንደ ፋኖስ ከውስጥ ይበራል። ከኋላው ሰማይ አይሁን፤ ጥላ ይሁን። ጥቅጥቅ ያለ የቡና ተክል ካገኘሽ ከዚያ የተሻለ የለም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቅጠሉን ንኪና የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደታች ሳቢያት። ብርሃን ሲበዛ ቀለም ይታጠባል። በደመና የፈዘዘብሽ ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል፤ ስልኩ ቀለሙን አመጣጥናለሁ ብሎ ሞቅ ያለውን ብርቱካናማ ያቀዘቅዘዋል። የብርሃን ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ካለው የደመናውን ምልክት ምረጪ። ደግሞም በጣም አትጠጊ፤ ብዙ ስልኮች ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት አጥርተው አያዩም።

የቡና ልጅ

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ደመናን ግን አትተዪ። ዝናብ ካባራ በኋላ አቧራው ታጥቦ ቅጠሉ የሚደምቀውን ያህል በሌላ ጊዜ አይደምቅም።

ለልጅቷ መልስ የሚሆን ነገር ልንገርሽ። ሜፕል የሚቀላው ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ ነው። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ሲፈርስ፣ ቀድሞውንም ከሥሩ የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል፤ ቀዩን ግን ቅጠሉ ራሱ በዚያው ሰሞን ይሠራዋል። ጅማ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ዛፎቻችን በአንድ ሳምንት ተጠራርተው አይቀሉም። የብሳና ቅጠል በየተራው ያረጃል፤ ድርቁ ሲጠና ደግሞ ይበዛል። በበጋው ቆርችንም ፈልጊ፤ ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ ይቆማል።

እኔ ብሆን ግን አንድ የቡና ቅርንጫፍም እጨምርላታለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፍሬ አንድ ላይ ተደርድሮ የሚታየው አሁን ነው፤ ለቀማው ሳያልቅ ድረሺበት።

የጅሬን መንገደኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ዛፏ ሥር ነበርኩ። ነፋስ ስለነበረ አሥራ አንድ ጊዜ አንሥቼ አንዱ ብቻ ጠራልኝ። በዚያ በአንዱ ግን የቅጠሉ ጅማቶች እንደ መረብ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ትሉ በበሳው ቀዳዳም ፀሐይዋ ነጥብ ሆና ወጥታለች። ቀለሙ ያየሁት ቀለም ነው።

ወዲያው ላክሁት። ከልጅቷ በፊት የመለሰችልኝ እኅቴ ናት፤ «ከቤታችን ጀርባ የነበረችው በከኒሳ ናት?» ብላ። አይደለችም፤ ያቺ ቤቱ ሲሠፋ ተቆርጣለች። አዌቱ ወንዝ ዳር ግን ከእሷ የምትተልቅ አንዲት አውቃለሁ። ነገ ማለዳ እሄድላታለሁ።