ጆርዳን በ5 ቀን፣ ከእናቴ ጋር፤ እንዴት ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። በጥቅምት መጨረሻ ከእናቴ ጋር ከዋሽንግተን ጆርዳን እንሄዳለን፤ ያለን 5 ቀን ብቻ ነው። እኔ የማልመው ጥንታዊቷን የዓለት ከተማ ፔትራንና የዋዲ ረምን በረሃ ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ፣ ጌታ የተጠመቀበትን ዮርዳኖስ ወንዝ። እሱ ከቀረ ለእሷ ጉዞ አይደለም፣ እውነቷንም ነው።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ፔትራ ላይ ያንን ከዓለት የተፈለፈለ ኸዝና የሚባል ሕንፃ ለማየት በጠባቡ ገደል መሃል 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ እዚያው ፔትራ ውስጥ «ገዳሙ» ወደሚሉት ሌላ የዓለት ሕንፃ የሚያወጣው 800 ደረጃማ ጭራሽ አይታሰብም። የኤሌክትሪክ መኪና አለ ይላሉ፣ ቀድሞ ይያዛል ወይስ እዚያው ወረፋ ነው?

ከአማን ፔትራ 3 ሰዓት ያህል ነው። የጀራሽን ጥንታዊ ከተማ ልተወው? በሰሜን በኩል ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበላብኛል፣ ግን የሮማውያኑን ዓምዶች ሳያዩ መመለስም ያንገበግባል። ዋዲ ረም በረሃ ድንኳን ውስጥ ማደርስ ለ70 ዓመት ሴት አይከብድም? የሌሊቱ ብርድ እንዴት ነው?

አንድ ሹፌር አነጋግሬ ቀብድ ከላክሁለት በኋላ ድምፁ ጠፋ። ስለዚህ እናቱን ይዞ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ፣ ወንዙን መጀመሪያ ላድርገው ወይስ መጨረሻ?