ክርክር፦ በፊደል ማቀያየር ጨዋታ ካርዱ የተጻፈበትን ብቻ ይሁን ወይስ ሰባቱንም ድምፅ?

ጥያቄው፦ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት የእንግሊዝኛው ጨዋታ፣ ስክራብል፣ 100 ጠጠር አለው፤ 98ቱ ፊደል፣ 2ቱ ባዶ። እኛ 33 ቤት በ7 ስናባዛ፣ እንደ ሏና ቋ ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ፣ 231 ፊደል አለን። ለትምህርት ቤት በሚሠራ ጨዋታ «ከ» የተጻፈበት ካርድ ከ ብቻ ይሁን ወይስ ከካዕብ እስከ ሳብዕም ይነበብ?

የጨዋታ አዘጋጅ፦ የተጻፈበት ብቻ ይሁን። መ፣ ከ፣ ረ በ6 መንገድ ይደረደራሉ፤ ከነዚያ መከረ፣ ከረመ፣ ከመረ ይወጣሉ። ቅ፣ ር፣ ብ ቅርብም ብርቅም ይሆናሉ። ሰባቱም ድምፅ ከተፈቀደ ግን ያው ሦስት ካርድ 2,058 ድርድር ይሰጣል። ያን ጊዜ ማንም ሳያስብ ቃል ያገኛል።

የቋንቋ መምህር፦ ወንድሜ፣ 231 ካርድ አንድ አንድ ታትሞ ለመለመ እንዴት ይሠራል? ሁለት ለ፣ ሁለት መ ይፈልጋል። ሰባት ካርድ ስታነሣ ጴ፣ ዦ፣ ፒ ቢደርሱህስ? ተራህን ትዘላለህ። ድምፁ ክፍት ሲሆን ልጁ ሥርወ ቃል ይማራል፤ ከከ፣ በ፣ ረ ክብርን፣ ከበረን፣ በኩርን፣ ብርክን ያወጣል። ለትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም።

የጨዋታ አዘጋጅ፦ አንድ አንድ ይታተም ማን አለ? እንደ ን፣ ት፣ ም፣ ል፣ ር፣ ስ ያሉትን ሳድሶች አራት አራት፣ የተለመዱትን ግዕዝና ራብዕ ሁለት ሁለት፣ ከዠ፣ ከጰና ከፐ ቤት ሳድሱን ብቻ። ሁሉንም ድምፅ የሚሆኑ 6 ባዶ ካርዶች ቢጨመሩ መምህር የሚፈሩት መቆለፍ ይቀራል።

ፕሮግራም ጸሐፊ፦ ስለ ካርዱ ስትከራከሩ ዳኛውን ረሳችሁት። ዳኛው ትክክለኛ ቃል መሆኑን የሚያጣራው ቃል ፈላጊ ፕሮግራም ነው፤ የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በፊደል ተራ ደርድሮ ቁልፍ፣ ማለትም ቃሉ የሚፈለግበት ምልክት፣ ያደርጋል፤ መከረና ከመረ አንድ ቁልፍ ላይ ይገናኛሉ። በተጻፈው ብቻ ከተሄደ ሥራው ይኸው ነው። ድምፁ ክፍት ከሆነ ፊደሉ መጀመሪያ ወደ ግዕዙ ይመለሳል፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ አንድ ቤት 8 ቦታ ስለሚይዝ ብዙዎች የፊደሉን ቁጥር በ8 አካፍለው ቤቱን ያገኛሉ። ሏ በለ ቤት ስምንተኛው ቦታ ላይ ስላለች ይሠራል፤ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ ግን የተለየ ረድፍ ስላላቸው ከቀ፣ ከከ፣ ከገ፣ ከኀ ይነጠላሉ። እነሱን በእጅ መዝግቡ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀም ቁልፉ ላይ አንድ ይሁኑ፤ አለዚያ ፀሐይን በጸ የጻፈ ልጅ ነጥብ ይነጠቃል።

የቋንቋ መምህር፦ በዚህ አልስማማም። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው፤ ሰአሊ የሚለምን። አንድ ስታደርጓቸው ልጁ ልዩነቱን ከየት ይወቅ?

ፕሮግራም ጸሐፊ፦ መምህር፣ የሚቀላቀለው ቁልፉ እንጂ ቃሉ አይደለም። ነጥቡ ይሰጥና ሁለቱም አጻጻፍ ከነትርጉሙ ይታይ።

የጨዋታ አዘጋጅ፦ ይህን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ከፊት የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፤ ከኋላ ም፣ ን፣ ና፣ ስ የተቀጠለበት ቃል ውድቅ ይሁን። ቤትን፣ ቤትም፣ በቤት ከተቆጠሩ ሁሉም በቅጥያ ብቻ ነጥብ ይሰበስባል፤ ፊደል የሚያቀያይርም አይኖርም።